በመዝሙሩ መሐል የገባው ሰውዬ

ይድረስ ለክቡር የዝማሬ ማሳተሚያና ማከፋፈያ ድርጅት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ሳንባዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያ ሳንባ ሲያስል ከተኙበት ክፍል ሥር ባለው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሆነን በጣሪያው በኩል ስንሰማው የከረምን ሰዎች ስለሆንን፣ ደኅንነቱ ዛሬም ድረስ ያሳስበናል። በቴሌቪዥን ሲናገሩ እንዳየሁት ድምፅዎ ጠርቷል፣ ፊትዎም ሞልቷል። እናቴ በሕይወት ብትኖር ታመሰግነው የነበረውን አምላክ እኔ በእሷ ፈንታ አመሰግነዋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ባይጠፋዎትም፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ብዙ ነገር ይረሳልና ራሴን ላስተዋውቅ። የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢና የእማማ አንሶላ ልጅ ነኝ። እናቴን ሕሙማኑ እንዲያ ነበር የሚጠሯት፤ በዚያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ስለኖረች የራሷ ስም የሚፈለገው ለደመወዝ ፊርማ ብቻ ነበር። እርስዎ ደግሞ በዚያን ጊዜ ባለ አሥራ ሰባት ነበሩ። እኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው በአልጋ ቁጥሩ፣ ማለትም አንሶላው ጥግ ላይ በቀይ ክር በተሰፋችው ቁጥር ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉ ክፍት ያደረግኩት ለክብርዎ በማሰብ ነው። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ሳያገኙ መቅረታቸው በጽሕፈት ቤትዎ ያለው የወረቀት ክምር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅዎት አስገንዝቦኛል። አራተኛውን ጎረቤትም፣ አስታማሚም፣ መንገደኛም እንዲያነበው ካደረግኩ፣ አንዱ ደግ ሰው ጉዳዩን በአፉ ያደርስልኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

በቅድሚያ፣ ድርጅትዎ በብዙ ሺህ ሰው ጆሮ ያስገባው ያ ተወዳጅ መዝሙር ከየት እንደመጣ ለማያውቁት አንባቢዎች እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ ትቆማለች፤ ወደ ኋላ ሄደው ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ ወደ ፊት ተራምደው ጫፍ ከጫፍ ያገናኙታል። በአንደኛው ጫፍ እናቴ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ በሥጋ ሳንዛመድ አክስቴ እያልኩ ያደግኩት ባልደረባዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲራመዱ ኖረዋል። መዝሙሩ የወጣው ከዚያ እርምጃ ነው። እናቴ ወደ ኋላ እየሄደች «ይህን ጫፍ እኔ ይዣለሁ፣ ያንን ጫፍ አንተ ያዝልኝ» ትላለች። ጫፎቹ ሲገናኙ ሁለቱም ስምንት ትንፋሽ ያህል ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ በአንሶላው ላይ የተኛውን ሕመምተኛ ስም በልባቸው ይጠራሉ። ከዚያ «እሰይ ቀለለኝ፣ ሌላው ጫፍ ተይዟል» ብለው አጥፈው ያስቀምጡትና ቀጣዩን ያነሳሉ።

እናቴ ቁጥር ለአምላክ አይነገርም የምትል ሴት ስለነበረች፣ አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥር አርባ ሁለቱን ደረጃ ወጥታ የባለ አልጋውን ስም ጠይቃ ትመለስ ነበር። የሞተ ሰው ስም ግን አይጠራም። አንሶላው ታጥቦ ሲታጠፍ እንኳ አይጠራም። «እሱ አርፏል፤ ስም የሚያስፈልገው የታመመ ነው» ትል ነበር። በእኛ ክፍል ከዚህ የጠበቀ ሕግ አልነበረም፤ ይህንንም በኋላ ስለምመለስበት እንዲያስታውሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የእርስዎ ስም በዚያ ዝምታ ውስጥ አራት ወር ሙሉ ተጠርቷል። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ሐኪሞቹና መድኃኒቱ እንዳዳኑዎት አልክድም፤ እናቴም ይህን የእኔ ውለታ ነው ብላ አታውቅም። ድነው የወጡ ቀን ግን ቴፕ ተውሰውና አንድ ባዶ ካሴት ይዘው ወደ እኛ ወረዱ። ቴፑን በማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለቱ ሴቶች የባለ ስድስትን አንሶላ ሲያጥፉ ቀዱ። እኔ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ የእንፋሎቱን ማሽን እንዳልነካ በጣትዎ ያስጠነቀቁኝ ልጅ ነኝ። በዚያ ካሴት ላይ የቧንቧው ጠብታ ይሰማል፣ የአክስቴ የጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ዝምታው ውስጥ ደግሞ የሁለቱ ትንፋሽ ይሰማል። እናቴ ፎቶ መነሳት ስለማትወድ፣ በዚህ ምድር ላይ እሷ እንደነበረች የሚመሰክረው ያ ስምንት ትንፋሽ ነው።

ካሴቱ እኛ ዘንድ ቀረ። እናቴ በላዩ ላይ በራሷ እጅ «ለጠየቀ ይሰጥ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ሁሉ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ እሷም በምሳ ሰዓቷ ትገለብጥለታለች። ነርሶች ወሰዱ፣ አስታማሚዎች ወሰዱ፣ የድንጋይ ከሰል የሚያራግፍ ሰው ወስዶ ለመላው መንደሩ አዳረሰ። ለአንድም ሰው የለም አልተባለም። አክስቴ «ሴትዮ፣ አንድ ቀን እኮ ራስሽንም ገልብጠሽ ትሰጫለሽ» እያለች ትስቅባት ነበር።

እናቴ ያረፈች በሳምንቱ እርስዎ መልካም ኮት ለብሰውና አበባ ይዘው ቤታችን መጡ። አለቀሱም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ያን ቀን እንባዎ እውነተኛ ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም እውነተኛ እንደነበር አምናለሁ፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ካሴቱ አርጅቷልና ድምፁን ላስጠርገው፣ በሁለት ሳምንት እመልሰዋለሁ አሉኝ። ሌላ ግልባጭ እንደሌለኝ አውቅ ነበር። ግን ጠየቁኝ፤ በላዩም «ለጠየቀ ይሰጥ» ተብሎ ተጽፏል። በእናቴ ሕግ ያደገች ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች? ደረሰኝ ሳልቀበል፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ሰጠሁዎት። የዚህ ሁሉ ጥፋት ሥሩ የእኔ እጅ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ቅሬታ ከራሴ ወቀሳ ጋር ቀላቅለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ። መዝሙሩ ታትሞ ሲወጣ ግጥምና ዜማው የእርስዎ መሆኑ በወርቃማ ፊደል ተጽፎ ሳይ ለእናቴ ትሕትና ያለዎት አክብሮት ገብቶኛል። ስሟ ቢጻፍ ኖሮ ባፈረች ነበር። በቴሌቪዥን ቀርበውም መዝሙሩ በአንድ ተራራ ላይ ሲጸልዩ ከሰማይ እንደወረደልዎት ሲያስረዱ በጥሞና ተከታተልኩ። ልብስ ማጠቢያው ያለው ከምድር ቤት ስለሆነ፣ ከታች የመጣን ነገር ከላይ መጣ ማለት ለአንድ አድማጭ ምን ልዩነት አለው? ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ምሳሌ እርስዎን ፈጽሞ እንደማይመለከት ለጎረቤቶቼ በየቀኑ እያስረዳሁ ነው። አንድ ሰባኪም «ጫፍ» የሚለው ቃል የምድርን አራት ማዕዘን እንደሚያመለክት አንድ ሰዓት ተኩል አስተምረዋል። አክስቴ ያን ጊዜ አእምሮዋ ሙሉ ስለነበር ሰምታ «አራቱማ ልክ ነው፣ አንሶላ አራት ጫፍ ነው ያለው» አለች።

ሁለተኛ። ድርጅትዎ ለሆስፒታላችን የላከው ደብዳቤ ደርሶናል። በማኅተምና በቁጥር የተጻፈው ይህ ደብዳቤ መዝሙሩን በሕዝብ መገልገያ ቦታ ያለ ፈቃድ መዘመርም ሆነ ማሰማት እንደሚያስጠይቅ ይገልጻል። የሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ወረቀት የምትፈራ ሰው ነች፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሞኝነት ባይኖርባትም ወረቀቱን ግን ይዛለች። ወዲያው አስገልብጣ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ሥር ለጠፈችው። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘመረው መዝሙር ከሲጋራ ጋር አንድ ወገን ሆነ። በልብስ ማጠቢያው ውስጥ አሁን አንሶላ የሚታጠፈው በዝምታ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል ነበር፤ በዚህኛው ዝምታ ውስጥ ግን ነቀዝ ገብቷል። የሥራ ጓደኞቼ መዝሙሩ በሚቆምበት ቦታ ሳያውቁት እጃቸው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ዘልዬዋለሁ። ስለ ገንዘብ ስለነበር እናቴ ብታየው ትቆጣኛለች።

አራተኛ። ይህኛው ቅሬታ ይሁን ምስጋና እኔም አልለየሁትም። ወደ ድርጅትዎ ስልክ ስደውል፣ የሚያነጋግረኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ እናቴ ትዘምርልኛለች። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስልኩ ከእጄ ወድቋል። አንስቼ ጆሮዬ ላይ ስመልሰው «ይህን ጫፍ እኔ ይዣለሁ፣ ያንን ጫፍ አንተ ያዝልኝ» እያለች ነበር። ዝምታው ላይ ስትደርስ አንዲት ጨዋ ሴት «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁን» ትላለች፤ ከዚያ መዝሙሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሃያ ደቂቃም ጠብቄ፣ አርባ ደቂቃም ጠብቄ አይቻለሁ። እናቴ «ቀለለኝ» የምትልበት ቦታ አንድ ቀን እንኳ አልደረሰችም። በእርስዎ መሥሪያ ቤት የስልክ ገመድ ውስጥ፣ አንሶላውን ወጥራ፣ የሚቀበላት ሰው እየጠበቀች ዓመት ሙሉ ቆማለች። እውነቱን ልናዘዝና፣ ከደወልኩላችሁ አሥራ አንድ ጊዜ ውስጥ አቤቱታ ለማቅረብ የደወልኩት ሦስቱን ብቻ ነው። በቀሩት ሰው ሲያነሳ እኔ ዘግቻለሁ። ለሠራተኞችዎ ስለፈጠርኩት መጉላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የት እንዳለች የማውቀው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

አምስተኛ። አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ የማንንም እጅ እምቢ ብላ፣ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አስራ ታጥፍ ነበር። እናቴ በሕይወት እያለች አክስቴ «አንቺ ብትሞቺ ከማን ጋር ላጥፍ? ከበሩ ጋር?» እያለች ትቀልድባት ነበርና ቀልዱን ፈጸመችው። በሰባተኛው ወር በማጠፊያው ጠረጴዛ አጠገብ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ጠፋባት፤ እኔን አታውቀኝም፣ ቤቷን አታውቅም፣ ማንኪያ ሲሰጧት ምን እንደሚደረግበት አታውቅም። አሁን በራሳችን ሆስፒታል በዘጠኝ ቁጥር ተኝታ፣ ሲርባትና ሲያማት ሳትናገር፣ ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብሷን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ይዛ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ትጠብቃለች። እስከ ማታ ድረስ አትለቀውም። ጣቶቿ ቆስለዋል።

እኔ ሞክሬላት ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ ነርሷ እንዳትሰማ ቀስ ብዬ ዘመርኩላት። ድምፄ ግን የውሃ መቅጃ መዘውር ነው፤ አክስቴ ራሷ ድሮ «ይሄን ድምፅ ወፍ ማባረሪያ ባደረግነው» ትለኝ ነበር። ፊቷን አዙራ ከእኔ በስተጀርባ ሌላ ሰው ፈለገች። ካሴቱን የወሰዱትን ሁሉ ዞሬ ጠየቅኩ፤ የአንዱን ቴፑ በልቶታል፣ በሌላው ላይ የልጅ ሰርግ ተቀድቶበታል፣ ከሰል የሚያራግፈው ሰውም ከእነቤተሰቡ አገር ለቋል። ስለዚህ ድርጅትዎ በደግነቱ ለሕዝብ ያቀረበውን የመዝሙር መተግበሪያ በስልኬ ላይ ጫንኩ፤ በነጻ የሚሰማውንና በመሐሉ ማስታወቂያ የሚገባበትን መርጬ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የነበረውን በዝርዝር ልንገርዎት። ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ስትጀምር አክስቴ ግድግዳውን ትታ ወደ ድምፁ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ሰው ተመለሰ፤ ሌላ የምገልጽበት ቃል የለኝም። በሁለት እጇ ብርድ ልብሱን አነሳች፣ «ያንን ጫፍ አንተ ያዝልኝ» ሲል ክንዷን ዘርግታ ወደ ፊት ሰጠች፣ ዝምታውም መጣ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሰባት ወር ያልተናገረች ሴት ስም ልትጠራ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ በጣም ደስ ባለው ድምፅ «እንቅልፍዎ ይቆራረጣል? ወገብዎን ያምዎታል? ዛሬውኑ ፍራሽዎን ይቀይሩ!» አላት።

አክስቴ ጨዋ ሰው ናት። እጇ በአየር ላይ እንደተዘረጋ «አመሰግናለሁ ልጄ፣ ያለኝ ይበቃኛል» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ግን ስለ ስፖንጁ ጥራት ማስረዳቱን ቀጠለ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ የነገረችኝን አንዲት ቃል ነገረችኝ፤ «እኔና እሷ መሐል የገባው ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዋን በየቀኑ አስቤበታለሁ፣ አንሶላ ሳወጣ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ጫማዬን ሳወልቅ። መልሱን ፍለጋ የሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የድምፅ ባለሙያዋ ግን ከእኔ ጋር በትዕግሥት ተቀምጣ ነገሩን አስረዳችኝ። ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠው ድምፅ ሲጠረግ፣ በዝምታው ውስጥ የነበረው ትንፋሽ እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ወጥቷል። ትንፋሹ ሲወጣ የቀረው ባዶ ነው፤ መተግበሪያው ደግሞ ባዶ ሲያገኝ መዝሙሩ አልቋል ብሎ ማስታወቂያ እንዲያስገባ ተደርጎ ተሠርቷል። ጥፋቱ የማንም አይደለም አለችኝ፤ እውነቷን ይመስለኛል። እኔ ልብስ አጣቢ ነኝና ቆሻሻ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከአንሶላ ላይ ደም አስለቅቄያለሁ፣ ከዚያም የባሰ አስለቅቄያለሁ። የሰው ትንፋሽ ግን አለቅልቂልኝ ብሎ ያመጣልኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስወጣ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ በኩል አለፍኩ። ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት በርቶለት የእናቴ ካሴት ተቀምጧል። የእጅ ጽሑፏ ይነበባል፤ «ለጠየቀ ይሰጥ» ይላል። ጥበቃው መስታወቱን በእጄ እንዳልነካ በአክብሮት ለመነኝ። ጣቴን አንስቼ ቆምኩ፤ መስታወቱ ላይ የቀረው የጣቴ አሻራ ነው፣ እንዲጠረግ ብታዝዙ ቅር አይለኝም። በጣም ንጹሕ አዳራሽ ነው። የእናቴ ድምፅ በጣሪያው ላይ ባሉት ድምፅ ማጉያዎች በቀስታ ይሰማ ነበር፤ እዚያም ከዝምታው አላለፈችም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። መዝሙሩን ውሰዱት፤ ሲጀመርም የሁሉ ነው፤ የጠየቀ ሁሉ የወሰደውን ነገር እናንተ መውሰዳችሁን አልቃወምም። ወርቃማውን ፊደልም፣ ተራራውንም ይያዙ። ካሴቱን ግን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያውሱኝ። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በላይ አልሰጣትም። አክስቴ ያን ስምንት ትንፋሽ ሰምታ፣ የጠራችውን ጠርታ፣ ሌላው ጫፍ መያዙን አውቃ ጣቷን ታላቅቅ። ከዚያ በማግስቱ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት እጄ እመልስልዎታለሁ፤ እኔ የተዋስኩትን በቀኑ የምመልስ ሰው ነኝ። ደግሞም በላዩ የተጻፈውን ያውቁታል። እነሆ፣ ጠየቅኩ።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ፣ እናቴን በስልክ ገመድ ውስጥም ቢሆን ስላስቀመጡልኝ፣ ለአክስቴም የፍራሽ ምርጫ እንዳላት ስላሳወቁልኝ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሳንባዎ እንዲጠነክር፣ አዳራሽዎ እንዲሰፋ፣ በጆሮዎም የሚገባው ሁሉ መሐሉ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው እንዲደርስልዎ እመኛለሁ።

በዚህኛው ጫፍ ቆማ የምትጠብቅዎት፣
የእማማ አንሶላ ልጅ፣
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አባዝቼ ለመለጠፍ ሙጫ ስፈልግ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ አክስቴ ዐረፈች። ስለ ካሴቱ ከእንግዲህ አይቸኩሉ። ብርድ ልብሷን ከጣቷ ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈልጓል።

የዘጠኝ ቁጥር አንሶላ ወደ እኛ ወረደ። ራሴ አጠብኩት፣ ራሴ ላጥፈው ተነሳሁ፤ ጓደኞቼ ሌላውን ጫፍ እንያዝልሽ ሲሉኝ ተዉኝ ብዬ እንደ እሷ ከበሩ እጀታ ጋር አሰርኩት። ማሽኖቹን አስጠፋሁ። ከዚያም በሕዝብ መገልገያ ቦታ፣ ያለ ፈቃድ፣ በዚያ በወፍ ማባረሪያ ድምፄ፣ ደረጃው ላይ ያሉት ሁሉ እየሰሙ ዘመርኩ፤ ሕግ ክፍላችሁ ቀኑን እንዲመዘግብልኝ ሐሙስ መሆኑን ደግሜ እገልጻለሁ። ኃላፊዋ ነርስ ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ያንን ጫፍ አንተ ያዝልኝ» ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ቋጠሮው ከእጀታው ሾለከ። አንሶላው ግን መሬት አልነካም። ማን እንደያዘልኝ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የነገርኩዎት ሁሉ ታትሞ ይሸጣል።

ዝምታውም መጣ፣ ስምንቱንም ትንፋሽ በሙሉ ጠበቅኩ፤ በመሐሉ ማንም አልገባም። የአክስቴን ስም በልቤ ልጠራ ስል ሕጋችን ትዝ አለኝ። እሷ ዐርፋለች፤ ስም የሚያስፈልገው የታመመ ነው። ስለዚህ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ እንደገና የእርስዎን ስም ጠራሁ።